አየር ለመቀበል ወጥታችሁ ጭንቀታችሁን ይዛችሁ እንዳትመለሱ፦ ደረጃ በደረጃ

«ወጣ በል፣ ነፋሻ ቦታ ሂድ፣ ጭንቅላትህን አሳርፍ ይሉኛል። እሺ፣ ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ከዚያስ?»

ይህ ጥያቄ አባባሉ እየተለዋወጠ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ እንጦጦ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ የቤት ኪራይ ሐሳቡን እንደተሸከመ ወርዷል። ሌላዋ ላንጋኖ ሁለት ቀን አድራ መጥታ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ያው የዓርቧ ሴት ናት። ሁለቱም የጠየቁት ትክክል ነው። «ውጡ» ማለት ግማሽ ምክር ነው። የቀረው ግማሽ እዚያ ደርሶ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደገም ነው። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

መመሪያው ውጥረት ለበዛባችሁ፣ እንቅልፍ እየሸሻችሁ ለመጣ፣ አንድ ሐሳብ ይዟችሁ ሲያብሰለስላችሁ ለሚውል፣ ሥራ ላይ ትኩረት ላጣችሁ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት የአዲስ አበባ ናቸው፤ ደረጃዎቹ ግን ዛፍ ወይም ውሃ ባለበት ሁሉ ይሠራሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አጣሩ

ዛፍ ሐኪምን አይተካም። ድብርቱ በየቀኑ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ ድሮ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በክልል ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ነገን አትጠብቁ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

መድኃኒት ላይ ያላችሁም አታቋርጡ። ይህ ከመድኃኒቱ ጎን የሚሄድ ነገር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሶሉ ያልተላጠ ጫማ። ሸራ ጫማ ይበቃል፤ በክረምት ግን ጭቃው ያንሸራትታል።
- ጃኬት ወይም ጋቢ። የምትቀመጡበት ሰዓት ስላለ ሰውነት ይቀዘቅዛል።
- የተጣጠፈ ካርቶን፣ መቀመጫ የሚሆን። ጠዋት ሣሩ እርጥብ ነው፤ ልብሳችሁ ሲርስ ሐሳባችሁ ሁሉ እዚያ ላይ ይሆናል።
- አንድ ሃይላንድ ውሃና ጥቂት ቆሎ።
- ኮፍያ ወይም ጃንጥላ።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። የስልክ ኖት አይደለም፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ካላችሁ የእጅ ሰዓት።

ውድ የስፖርት ልብስ፣ የዮጋ ምንጣፍ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አያስፈልግም። ደስ ካላችሁ ያዙ፤ ሳትይዙም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቅርብ ቦታ ምረጡ

ቆንጆ ቦታ አልፈልግም፤ ቅርብ ቦታ ነው የምፈልገው። ከቤታችሁ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ በግማሽ ሰዓት የምትደርሱበት ይሁን። ጥቂት ትልልቅ ዛፎች ወይም ውሃ ይኑረው። ሰው ወጣ ገባ የሚልበት፣ ግን የማይጨናነቅ ይሁን።

አዲስ አበባ ላይ በሽሮ ሜዳ በኩል ያላችሁ እንጦጦ አላችሁ። በጉለሌ በኩል ያላችሁ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ሞክሩ፤ ከፓርኮቹ ሁሉ ጸጥ ያለው እሱ ይመስለኛል። መሐል ከተማ ላላችሁ ወዳጅነት ፓርክ አለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ያረጀ ጥድና ወይራ ከተማው ውስጥ የቀረው በአብዛኛው እዚያ ነው። ቅዳሴ በማይኖርበት ሰዓት፣ የቦታውን ሥርዓት ጠብቃችሁ፣ ጥግ ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ ጣና ዳር፣ ሐዋሳ ያላችሁ ፍቅር ሐይቅ፣ ቢሾፍቱ ያላችሁ ሆራ ወይም ባቦጋያ ከቤታችሁ ብዙም አይርቅም። አንዳንዱ ቦታ መግቢያ ይከፈልበታል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለምን ቅርብ? ሥራውን የሚሠራው ድግግሞሽ ስለሆነ። በ2019 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት «ጤናዬ ጥሩ ነው፣ ኑሮዬም ደስ ይለኛል» የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በታች ላሉት ግልጽ ልዩነት አልታየም። 120ዋን ደቂቃ በአንዴ መጨረስና ከፋፍሎ መጠቀም ደግሞ ለውጥ አላመጣም። በእርግጥ ጥናቱ ሁለቱ አብረው እንደሚገኙ እንጂ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ለማቀድ ግን ጥሩ ቁጥር ነው። በዓመት አንዴ የሚደረግ የላንጋኖ ጉዞ ይህን አይሞላም። በሳምንት ሦስት ጊዜ 40 ደቂቃ ይሞላዋል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ቁረጡ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። የጠዋት ብርሃን ዐይን ውስጥ ሲገባ የሰውነታችንን የውስጥ ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜ እንዲመጣ የሚያግዘው እሱ ነው። ደመና ቢሆን እንኳ የውጪው ብርሃን ከቢሮ አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሌላው ምክንያት የእኛ አገር ከፍታ ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። በክረምት ደግሞ ዝናቡና መብረቁ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው።

ጠዋት ካልተመቻችሁ 10 ሰዓት ላይ ውጡ። ከጨለመ በኋላ ግን አይሁን።

ቀኑንም ወስኑ። «ሲመቸኝ» ያላችሁት ቀን አይመጣም። ድብርት ያለበት ሰው ደግሞ መቼም አይመቸውም።

ደረጃ 3፦ ከቤት ሳትወጡ ቁጥር ጻፉ

ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ። ሥሩ ሁለት ቁጥር፦ «ውጥረት» ከ0 እስከ 10፣ «ጉልበት» ከ0 እስከ 10። ለምሳሌ «ውጥረት 8፣ ጉልበት 3»። አበቃ፤ ድርሰት አያስፈልግም።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። የተጨነቀ አእምሮ መሻሻልን አይመዘግብም። ትናንት ቀለል ብሏችሁ የዋለውን ዛሬ «ምንም አልጠቀመኝም» ያስብላችኋል። ሌላም አለ። ካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ በ2011 በታተመ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጭር የእግር ጉዞ አደረጉ፤ ገሚሱ ደጅ በዛፍ ሥር፣ ገሚሱ ሕንፃዎቹን በሚያገናኘው የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ። ደጅ የሄዱት ከመውጣታቸው በፊት ከገመቱት በላይ ተደሰቱ። አስቀድመን ስንገምት የምንሳሳተው ወደ ታች ነው ማለት ነው። «ምን ያደርግልኛል» የሚለው ስሜታችሁ እንግዲህ አስተማማኝ መረጃ አይደለም። ደብተሩ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ስልኩን አስተኙት

መጀመሪያ ለአንድ ሰው ንገሩ፦ «እማዬ፣ እስከ 3 ሰዓት ስልኬ አይሠራም። እንጦጦ ነኝ፣ አትጨነቂ።» ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና ቦርሳ ሥር ክተቱት። ኪስ ውስጥ አይደለም። ኪስ ውስጥ ካለ እጃችሁ ሳታዙት ይገባል። ለደኅንነት ክፍት መሆን ካለበት ድምፁንና ዳታውን አጥፉ።

ፎቶ ማንሳት ክልክል አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ይሁን። ቀድማችሁ ካነሳችሁ ቦታውን ማየት ትታችሁ ለሰው እንዴት እንደሚታይ ማሰብ ትጀምራላችሁ። ቴሌግራም ከተከፈተ ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ቢሮ ገባችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ አሥር ደቂቃ ዝግ ብላችሁ ተራመዱ

ይህ ወክ እንጂ ስፖርት አይደለም። ከጎናችሁ የሚያልፍ ሰው «ምን ጠፍቶት ነው?» እስኪል ድረስ ዝግ በሉ። በአፍንጫ አየር ስባችሁ እስከ አራት ቁጠሩ፤ ስታስወጡ እስከ ስድስት። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነትም «አደጋ የለም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ ፍርሃትና ውጥረት ላይ የሚሠራ ክፍል አለ። በ2022 በርሊን ውስጥ ሰዎችን አንድ ሰዓት ካስኬዱ በኋላ ይህን ክፍል በኤምአርአይ አዩት። ጫካ ውስጥ የሄዱት ላይ እንቅስቃሴው ቀነሰ። ግርግር የበዛበት የገበያ ጎዳና የሄዱት ላይ ግን እንደነበረ ቀረ። እርምጃው ያው እርምጃ ነው፤ ለውጡን ያመጣው ቦታው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዳገቱ ላይ ልብ መምታቱና ትንፋሽ ማጠሩ ያለ ነው። ድንገተኛ ፍርሃት የሚይዛችሁ ከሆነ ግን ይኸው ምልክት «መጣብኝ» ያስብላችኋል። ለእናንተ ዳገት አይሁን፤ ሜዳማ ቦታ ምረጡ። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ በቅርቡ የመጣችሁም ለጥቂት ቀናት እንደዚሁ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ካርቶናችሁን ዘርጉ፤ ጀርባችሁን ዛፍ ወይም ድንጋይ ያስደግፉት። ከጀርባ ማን ይመጣ ይሆን እያሉ ማረፍ አይቻልም።

ሃያ ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ በ2019 በወጣ ጥናት ሰዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል ተፈጥሮ ውስጥ እንዲቆዩ ተደርጎ ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ተለካ። ኮርቲሶል ውጥረት ሲኖር የሚጨምር ሆርሞን ነው። በፍጥነት የወረደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለቆዩት ነበር። ከዚያ በኋላም መውረዱ አይቆምም፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ በዚያ ሰዓት ስልክ፣ ወሬ፣ ንባብና ከባድ ስፖርት ተከልክለው ነበር።

ታዲያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምን ይደረጋል? በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

*ጆሮ።* ዐይናችሁን ጨፍኑና መጀመሪያ ከሁሉ የራቀውን ድምፅ ፈልጉ። አዲስ አበባ ላይ የመኪና ጡሩምባ ወይም የድምፅ ማጉያ ነው የሚሆነው። አትናደዱበት፤ ሰምታችሁ እለፉት። ቀጥሎ መካከል ላይ ያለው፦ ቁራ፣ ውሻ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው። ከዚያ ቅርቡ፦ ቅጠል ከቅጠል ሲነካካ፣ ዝንብ፣ የራሳችሁ ትንፋሽ።

*አፍንጫ።* የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንስታችሁ በጣታችሁ ፈርኩት። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካላችሁ ጦስኝ ልታገኙ ትችላላችሁ። የጥድ ቅጠልም ሲታሽ ይሸታል። የማታውቁትን ተክል ግን አትሹ፤ ወደ አፍም አታስገቡ።

*ዐይን።* ከፊታችሁ የሰፌድ ስፋት ያላት መሬት ምረጡ። ከእሷ አትውጡ። መጀመሪያ «አፈርና ቅጠል» ብቻ ነው የምታዩት። ትንሽ ስትቆዩ የደረቀው ቅጠል አንድ ጎኑ ቀላ፣ ሌላው ጎኑ አመድ መስሎ ይታያል። ጉንዳን መንገድ ይዟል። አንዱ ከራሱ የሚበልጥ ስንጥር ይጎትታል፤ ስንጥሩ ሣር ላይ ይያዝበታል፤ ይተወዋል፤ ዞሮ በሌላ ጎን ይመጣና እንደገና ይይዘዋል። ጥላው ሲጀመር ድንጋዩ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሁን ግማሹን ለቋል።

*እጅ።* የተደገፋችሁትን ቅርፊት ዳሱ። ጥድ ሲሆን እንደ ክር እየተላጠ በቀጭኑ ይነሳል። ባሕር ዛፍ ሲሆን ልስልስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ አይምሰላችሁ። ሪፖርት ስንጽፍ፣ መኪና ስንነዳ፣ ሒሳብ ስናስተካክል በግድ የምንይዘው ትኩረት አለ። እሱ ይደክማል። ሲደክም ነው በትንሽ ነገር የምንቆጣውና አንድ መስመር ሦስት ጊዜ የምናነበው። ጉንዳንና ቅጠል ግን ትኩረታችንን ሳያስገድዱ ይይዙታል፤ በዚያ መሐል የደከመው ያርፋል።

«እኔ ግን አልተደሰትኩም» ብላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። ግድ የለም። እዚያው ሚሺጋን በ2008 በወጣ ጥናት ዛፍ መሐል የተራመዱ ሰዎች ቁጥር አስታውሶ ወደ ኋላ የመናገር ፈተና ላይ ተሻሽለዋል። በክረምቱ ብርድ የሄዱት ጉዞውን ባይወዱትም ጥቅሙን አግኝተዋል። ደስታው ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣም ሥራው አይቆምም።

ደረጃ 7፦ ሐሳብ ሲመጣ አትታገሉት

ይመጣል። የኪራይ ቀን፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያ ሰውዬ ስብሰባ ላይ የተናገረው። ለማባረር አትሞክሩ፤ የምታባርሩት ሐሳብ ይብሳል። ደብተራችሁ ላይ በአንድ ቃል ጻፉት፦ «ኪራይ»። ከጎኑ «በኋላ» በሉና ወደ ሰፌዷ ተመለሱ። ሃያ ጊዜ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ተመለሱ። ልምምዱ መመለሱ ነው።

መጻፉ የሚጠቅመው አእምሮ «ይረሳብኛል» ብሎ ደጋግሞ እንዳያመጣው ነው። መብሰልሰል ካሠቃያችሁ ደግሞ በሳምንት አንዱን ቀን ረዘም አድርጉት። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2015 በወጣ ጥናት 90 ደቂቃ ሣርና ዛፍ ባለበት የሄዱ ሰዎች መብሰልሰላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር የሄዱት ላይ ይህ አልታየም።

ደረጃ 8፦ አወጣጡን አታበላሹት

ተነስታችሁ አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተራመዱ። ሁለቱን ቁጥሮች እንደገና ጻፉ። ስልኩ የሚከፈተው ታክሲ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ነው፤ ቤት ስትደርሱ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ካርቶኑንም ፌስታሉንም ይዛችሁ ውጡ።

ደረጃ 9፦ አራት ሳምንት ቀጥሉና ደብተሩን እዩ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ 40 ደቂቃ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ከመውጣታችሁ በፊት የጻፋችሁትንና ከተመለሳችሁ በኋላ የጻፋችሁትን አነጻጽሩ።

- ከወጣችሁ በኋላ ወርዶ፣ በማግስቱ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ፦ ሠርቷል፤ ግን ቀኑ አንሷል። ሁለት አጭር ቀን ጨምሩ።
- እዚያው እያላችሁ እንኳ የማይወርድ ከሆነ፦ ቦታውን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰው መብዛቱ ወይም ቦታው ስጋት የሚያሳድር መሆኑ ነው።
- ቦታ ቀይራችሁም ካልወረደ፣ ወይም የመነሻ ቁጥራችሁ ሳምንት በሳምንት እየጨመረ ከሄደ፦ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ሁልጊዜ ይጨንቀኛል» ከማለት የወር ቁጥር ማሳየት ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።

ማስጠንቀቂያ

ጭር ያለ ጫካ ብቻችሁን አትግቡ፤ ሴቶች በተለይ። ዝምታውን የሚስማማ አንድ ሰው ይዛችሁ ሃያ ሜትር ተራርቃችሁ ተቀመጡ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ «ጋሼ፣ የትኛው መንገድ ነው ሰላም የሆነው?» ብሎ መጠየቅ ከካርታ ይበልጣል። ከከተማ የሚያስወጣ ጉዞ ካሰባችሁ የአካባቢውን ጸጥታ ቀድማችሁ አጣሩ።

ጦርነት ወይም ጥቃት ያሳለፈ ሰው ጫካና ጸጥታ ሊያስፈራው ይችላል። ድክመት አይደለም። ገላጣ ቦታ፣ ሰው በሚታይበት፣ ዐይን ሳይጨፍን ይጀምር። ትዝታው ከበረታ ይነሳ፤ እንዲቀመጥ አትጎትቱት።

የአእምሮ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ተጋላጭ ያደርጋል። ኮፍያና ረጅም እጅጌ አይለያችሁ። ሊቲየም የምትወስዱ ውሃ እንዳይጎድልባችሁ፤ ሰውነት ሲደርቅ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊጠራቀም ይችላል።

መብረቅ ከጀመረ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሣር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሳማ አለመኖሩን እዩ። ጣናና ሐዋሳ ላይ ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጉማሬም አለ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

የተለመዱ ስህተቶች

*ጓደኛ ሰብስቦ መሄድ።* ጨዋታው በራሱ መድኃኒት ነው፤ ግን ሌላ መድኃኒት ነው። እየተጫወታችሁ ጉንዳኑን አታዩም። ሰብሰብ ብላችሁ የምትሄዱበት ቀን ለብቻው ይሁን።

*ጫት ይዞ መውጣት።* ጫት ልብ ምትን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በዛፍ ያወረዳችሁትን በጫት መልሳችሁ ትሰቅሉታላችሁ። መጠጡም ያው ነው።

*ወደ ስፖርት መቀየር።* መሮጥ ለድብርት ጥሩ ነው፣ አልከለክልም። ነገር ግን ሰዓት እየያዙ፣ ኪሎ ሜትር እየቆጠሩ ትኩረት አያርፍም። ሩጡና ከዚያ በኋላ ተቀመጡ።

*በጆሮ ማዳመጫ መቀመጥ።* መዝሙርም ይሁን ፖድካስት። የጆሮውን ደረጃ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። «መጸለይስ?» ትሉኛላችሁ። ጸልዩ እንጂ። ከመቀመጣችሁ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት፤ የጸሎቱ ዝርዝር ውስጥ ኪራዩ ተመልሶ እንዳይገባባችሁ።

*«ሰው ምን ይለኛል»።* መሬት ሲያይ የሚውል ሰው ግራ ያጋባል፣ እውነት ነው። ደብተሩን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ፤ ተማሪ ትመስላላችሁ፣ ማንም አይጠጋችሁም።

መውጣት ለማትችሉ፣ ከአገር ውጪም ላላችሁ

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ፣ በክረምት ሰዓቱን ወደ ቀትር አዙሩት፤ ጠዋት ጨለማ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሮክ ክሪክ ፓርክ ቅርባችሁ ነው። በሞቃት ወራት ግን ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ስትመለሱም ገላችሁን ፈትሹ። እዚያ ያለው መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል።

ባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ በተደጋጋሚ የምትጠይቁኝ «በሩ ካልተከፈተልኝስ?» ብላችሁ ነው። ያለው ነገር አነስ ይላል፤ ባዶ ግን አይደለም። በ1984 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው ታካሚዎች፣ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው እንደወጡና ጠንካራ ማስታገሻ ያነሰ እንደወሰዱ አሳይቷል። ስለዚህ ዛፍ ወይም ሰማይ የሚያሳይ መስኮት ፈልጉ። ልብስ ለማስጣት ሰገነት ላይ ስትወጡ አምስት ደቂቃ ጨምሩ፤ በሞቃት ወራት ከንጋት በኋላ ወዲያው ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁን። አንድ ጣሳ ውስጥ በሶብላ ወይም የጥብስ ቅጠል ትከሉ፤ የደረጃ 6ን አፍንጫና እጅ በእሱ ሥሩ።

የወፍ ድምፅ ቅጂም ይረዳል። በ2022 ጀርመን ውስጥ በተሠራ ጥናት 6 ደቂቃ የወፍ ዝማሬ የሰሙ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ የመኪና ድምፅ የሰሙት ደግሞ ድባቴያቸው ጨምሯል። ቅጂውን ቀድማችሁ አውርዱት፣ ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ አስቀምጡት። መሐል ላይ ከቤተሰብ የሚገባ መልእክት ስድስቱን ደቂቃ ይበላዋል።